ከእርሳስ ፊደል እስከ ዩኒኮድ፦ የድሮ የአማርኛ ጽሑፍን ሳይበላሽ ማሸጋገር

በፔዳ በር አካባቢም ሆነ በፋሲሎ በኩል ባሉ የባሕር ዳር ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች ተደጋግሞ የሚመጣ ችግር አለ። ሰው ፍላሽ ይዞ ይገባል፤ ውስጡ በ1990ዎቹ የተጻፈ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የአንድ ደብር ታሪክ አለ። ፋይሉ ሲከፈት ግን አማርኛ የለም፤ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። ባለቤቱ «ቫይረስ በላው» ይላል። ጸሐፊው ደግሞ ልርዳ ብሎ ሙሉውን መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ ይቀይርና ሴቭ ያደርጋል። ጽሑፉ በእርግጥ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሙሉ በሙሉ የሚድን ነበር።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የፊደላችንን ብዛት ማሰብ ይበቃል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ቨን ከነቤቱ፣ እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሏ ያሉትን ዲቃላዎች፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን 20 የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦቹን ስንጨምር 300 ገደማ እንደርሳለን። የየዘመኑ ማሽን ይህን ያህል ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ብልሃት ፈጠረ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሸጋገር የሚሰበረውም ያ ብልሃት ነው።

የእርሳስ ፊደል

በእጅ ለቀማ ዘመን፣ ማለትም ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎች አንድ በአንድ እየተለቀሙ በሚታተምበት ጊዜ፣ ቦታው አይገድብም ነበር፤ ሳጥን መጨመር ነው። ፊደል ለቃሚው በግራ እጁ የመልቀሚያውን ብረት ይዞ፣ በቀኙ ከየክፍሉ እየለቀመ፣ ፊደሉን ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል። ስፋቱ የሚጎድል መስመር በባዶ እርሳስ ይሞላል፤ በመስመርና በመስመር መካከል ስስ የእርሳስ ዘንግ ይገባል። ፈተናው የፊደል ማለቅ ነበር። ን፣ የ፣ በ፣ ት፣ ው እና ም በአማርኛ በጣም ስለሚደጋገሙ ቀድመው ያልቃሉ። ስለዚህ መጽሐፍ ሙሉውን ለቅሞ ማተም አይቻልም፤ ጥቂት ገጽ ይለቀማል፣ ይታረማል፣ ይታተማል፣ ከዚያ ፊደሉ ታጥቦ ወደየክፍሉ ይመለስና ለሚቀጥሉት ገጾች ይውላል። በዚያ ዘመን አራሚ ይከበር የነበረው ለዚህ ነው፤ ፊደሉ ከተመለሰ በኋላ ስሕተት ቢገኝ ገጹ እንደገና ካልተለቀመ በቀር መመለሻ የለውም።

ዛሬም የእርሳስ ፊደል በሣጥን የቀረበት ቤት ካለ ሁለት ነገር ልብ ይባል። የመጀመሪያው ቁመቱ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ልክ የተሠራ ፊደል ከእግሩ እስከ ፊቱ 23.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በፈረንሳይ ልክ የተሠራው 23.56 ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ረጅሙ ወረቀቱን ይወጋል፣ አጭሩ ቀለም አያገኝም። በዐይን አይለይም፤ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ በላዩ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሲጋደም ግን ብርሃን የሚያሳልፈው ይታያል።

ሁለተኛው ጤና ነው። ብረቱ እርሳስ፣ አንቲሞኒና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ነው። እርጥበት ያገኘው ፊደል ላይ የሚወጣው ነጭ ዱቄት መርዝ ነው፤ እፍ ማለትም በደረቅ መጥረጊያ መጥረግም አይገባም። በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ፣ ጨርቁ ይጣል፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሕፃንና ምግብ ባለበት ክፍል አይቀመጥ። ቀለም የደረቀበትን በላምባ በተነከረ ብሩሽ ማሸት ይበቃል።

ሳጥኑ ለቁራሌው በኪሎ ከመሸጡ ወይም ቀልጦ የዓሣ መረብ ማጥለቂያ ከመሆኑ በፊት ግን፣ እባካችሁ የያንዳንዱን ፊደል አሻራ አንሡ። ፊደሎቹን በተርታ አስሮ፣ ስስ ቀለም ቀብቶ፣ ለስላሳ ወረቀት ላይ ተጭኖ፣ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን ማድረግ ነው። ከዚያ አሻራ አዲስ የኮምፒውተር ፎንት መሥራት ይቻላል። የድሮ ለቀማ ፊደሎች ወፍራምና ቀጭን ጭረታቸው የተመጣጠነ ነበር፤ አሁን ካሉን ፎንቶች ብዙዎቹ እሱን አይተካከሉም።

ታይፕ፣ ስቴንስልና ሊኖታይፕ

የጽሕፈት መኪና ከ44 እስከ 46 ቁልፍ አለው፤ በላይና በታች ሲቆጠር 90 ምልክት አካባቢ ነው። ለአማርኛ የተገኘው ብልሃት መሠረቱን ፊደል መትቶ ቅጥያውን (ቤቱን የሚለየውን ምልክት) ለብቻ መጨመር ሆነ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪናን በማበጀት ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። በዚህ መንገድ የተጻፈ ገጽ ላይ ቅጥያው ከፊደሉ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ይታያል። ሰው ሲያነበው ችግር የለውም፤ ስካን አድርጎ በኮምፒውተር ለማስለቀም ሲሞከር ግን ማሽኑ ቅጥያውን እንደ ሰረዝ ወይም እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል።

ስቴንስል የሚባለው በሰም የተቀባ የማባዣ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ሪበኑ ተነሥቶ ፊደሉ ሰሙን ቆርጦ ስለሚያልፍ፣ እንደ ዐ፣ ወ፣ መ እና ፀ ያሉ ክብ ያላቸው ፊደሎች ጠንከር ተደርገው ሲመቱ መሐላቸው ይወድቃል፤ በቅጂው ላይ ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ። የአሮጌ ቃለ ጉባኤ ቅጂ ስታነብቡ ጥቁር ድቡልቡል ካገኛችሁ ከነዚህ አንዱ ነው፤ የቃሉን አካሄድ አይቶ መወሰን ነው።

ሊኖታይፕ በ1886 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ሥራ ሲጀምር መስመሩን በሙሉ ከቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ድንቅ የፊደል መደርደሪያ ማሽን ነበር፤ ቁልፎቹ ግን 90 ብቻ ናቸው። ፊደሉን አንድ በአንድ የሚያወጣው ሞኖታይፕ ይሻላል፦ የፊደል ቅርጾቹ የሚቀመጡበት መደብ 15 በ15 ማለትም 225 ነበር፤ በኋላ ወደ 255፣ ከዚያም ወደ 272 አድጓል። 231 ያለው ፊደል ከነነጥቡ በዚያ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ ማስላት ቀላል ነው። በእጅ መልቀም በኛ አገር ረጅም ዕድሜ ያገኘበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

የመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ፎንቶች

ኮምፒውተር ሲመጣ ያው ጥበት ተከተለው። የዚያ ዘመን ፎንት 256 ቦታ ነበረው፤ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ትእዛዝ ስለሚያዙ 224 ይቀራል፣ ከዚያም የማይነኩ አሉ። አንዳንድ ፕሮግራም ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት አከፋፈለው፤ ሌላው እንደ ታይፕ መኪናው መሠረትና ቅጥያ ለያይቶ አስቀመጠው። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በየቢሮው የተስፋፉት በዚህ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ሠንጠረዥ ስለነበረው፣ በአንዱ ለ የነበረው ቦታ በሌላው ቁ ሊሆን ይችላል።

ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ግዕዝን የተቀበለው በ3.0 እትሙ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ 345 ምልክቶች ገቡ። ለ በየትኛውም ማሽን ላይ ለ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላን ይዞ ሲመጣ በየቢሮው መለመድ ጀመረ፤ የቆዩ ፎንቶችም ግን ለብዙ ዓመታት አብረው ቀጥለዋል።

እንግዲህ በድሮ ፋይል ውስጥ አንድን ፊደል የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በፎንቱ ውስጥ የያዘው የቦታ ቁጥርና የፎንቱ ስም። ፊደሉ በሁለት ፎንት የተከፈለ ከሆነ፣ በአንዱ ፎንት ቁጥር 65 ላይ ያለውና በሌላው ፎንት ቁጥር 65 ላይ ያለው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሙሉውን መርጦ ፎንት መቀየር የፎንቱን ስም ያጠፋዋል፤ ሁለቱ ፊደሎች አንድ ይሆናሉ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ፕሮግራም ሊለያቸው አይችልም። ጽሑፉን ገልብጦ ኖትፓድ ላይ ወይም ኢሜይል ውስጥ መለጠፍም ያንኑ ያደርጋል።

ፋይሉን ማዳን

በመጀመሪያ ዋናው ሳይከፈት ቅጂ ይውሰድ። ፍሎፒ ከሆነ፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ተንሸራታች ከፍቶ ቀዳዳው እንዲታይ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። በዩኤስቢ የሚሠራ የፍሎፒ ማንበቢያ ይበቃል። ላዩ ላይ ሻጋታ የሚታይበት ዲስክ ማንበቢያው ውስጥ አይግባ፤ ጭንቅላቱን ያበላሽና ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክም ይጭራል።

ቀጥሎ የፎንቱን ስም መለየት ነው። ወርድ ውስጥ ፎንቱ ማሽኑ ላይ ባይኖርም ስሙ በፎንት ሳጥኑ ውስጥ ይታያል። አንድ ቦታ ብቻ አይታይ፦ ርእሱ፣ ዋናው ጽሑፍ፣ ቁጥሩና ሠንጠረዡ ብዙ ጊዜ የተለያየ ፎንት አላቸው። በፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ፎንት ሰብስቲቱሽን የሚለውን ስትከፍቱ የጎደሉትን በሙሉ ዘርዝሮ ያሳያል። ዝርዝሩን በወረቀት ጻፉት።

ከዚያ እነዚያ ፎንቶች ያሉበትን አሮጌ ማሽን ፈልጉ። የምትፈልጉት ፎንቶቹን ነው፤ ከዊንዶውስ ፎንት ማኅደር ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይበቃል። ፎንቱ ሲጫን ፋይሉ በአማርኛ ይነበባል። ይህን ጊዜ በቀጥታ ወደ መቀየር አትሂዱ፤ መጀመሪያ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ከተቻለም በወረቀት አትሙት። ይህ ቅጂ ለእርማት ምስክር ነው። ፒዲኤፉ ጽሑፉን ራሱን አያድንም፤ ከውስጡ ቢገለበጥ ያው የላቲን ውጥንቅጥ ነው የሚወጣው።

አሁን የወርዱን ቅጂ በአዲሱ የወርድ ዓይነት ሴቭ አድርጎ፣ የፎንት ስም እያነበበ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ማሳለፍ ነው። ፕሮግራሙ የናንተን ፎንት በስም የሚያውቀው መሆኑን አረጋግጡ። በአንድ ገጽ ሞክሩ፤ ሲሳካ ሙሉውን። ከተቀየረ በኋላ በተለይ የሚታዩ ቦታዎች አሉ፦ ራስጌና ግርጌ፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ በሳጥን ውስጥ ያለ ጽሑፍ። ቀያሪዎች እነዚህን ብዙ ጊዜ ይዘልሏቸዋል። በአማርኛው መሐል የገባ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ፎንት ተጽፎ ከነበረ ትርጉም የለሽ ፊደል ይሆናል። ቁጥሮች ለብቻቸው በሌላ ፎንት ስለነበሩ ዓመተ ምሕረትና የገንዘብ መጠን ሊዛቡ ይችላሉ፤ የእድር ደንብ ላይ መዋጮው ተዛብቶ ቢታተም ጠብ ነው የሚያመጣው።

ፔጅሜከር በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ የተሠራ ከሆነ፣ የ6.0 እስከ 7.0 ፋይሎችን ኢንዲዛይን እስከ ሲኤስ6 ድረስ ይከፍታቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት እትሞች አይከፍቱም። ኮርልድሮው ላይ የተሠራ የሠርግ ካርድ ወይም ማኅተም ደግሞ ፊደሉ ወደ ከርቭ ተቀይሮ ከሆነ ሥዕል ነው፤ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለውም።

ወረቀቱ ብቻ ከቀረ በ300 ዲፒአይ ስካን አድርጎ በጽሑፍ ለቃሚ ፕሮግራም ማሳለፍ ነው። ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ጥሩ ኅትመት ላይ ብዙ ይረዳል፤ ስሕተቱ የሚበዛው ቤቶቹን በመለዋወጥ ነው፦ በ ቡ፣ ቀ ቁ፣ ጠ ጡ። የታይፕ ገጽ ከሆነ እንደገና መጻፉ ይፈጥናል።

ነጥቦቹን ማጽዳት

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በድሮ ፋይል አራት ነጥብ የተጻፈው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው። መስመር ሲያልቅ አንዱ ላይ አንዱ ታች ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ፡፡ በሙሉ በ። ይተካ። የላቲኑን ሁለት ነጥብ ደርበው የጻፉም ስላሉ እሱም ለብቻው ይፈለግ። ቀጥሎ ሁለት ነጥብና ሰረዝ ያለበት በ፦ ይተካ። የማካፈል ምልክት ÷ በነጠላ ሰረዝ ቦታ ቀርቶ ከተገኘ እያዩ ማረም ነው። ከነዚህ በኋላ ከ።፣ ከ፣ እና ከ፤ በፊት ያለው ባዶ ቦታ ይነሣ፤ በመጨረሻ ድርብ ክፍተቶች። ነጠላውን ፡ በአንድ ትእዛዝ በባዶ ቦታ መተካት ግን አይገባም፤ «ከቀኑ 8፡30» የሚለው ሰዓት «8 30» ሆኖ ሊቀር ነው። ፡፡ ገና ሳይተካ ይህ ከተደረገ ደግሞ አረፍተ ነገሮቹ በሙሉ ማብቂያ ያጣሉ።

ለእርማት ከማተሚያ ቤቶች የወረስነው ዘዴ እስካሁን ተወዳዳሪ የለውም፦ ሁለት ሰው፣ አንዱ ከወረቀቱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ስክሪኑ ላይ ይከተላል። ነጥቡም ይነበባል፤ «ነጠላ ሰረዝ»፣ «አራት ነጥብ» እየተባለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ሲመጡ አንባቢው በስማቸው ይጥራቸው፤ ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ፣ እሳቱ፣ ንጉሡ፣ አልፋው፣ ዐይኑ፣ ጸሎቱ፣ ፀሐዩ እያለ። በአንድ ሰነድ ውስጥ «ሥራ» እና «ስራ» ተቀላቅሎ ከቀረ በፍለጋ ግማሹ አይገኝም።

የመስመር አደራደር

የጣና ገዳማት ከሆኑት ከክብራን ገብርኤል ወይም ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ብራናዎች አንዱን ያየ ሰው መስመሮቹ ግራና ቀኝ እኩል ሆነው፣ መሐላቸው ሳይሳሳ መቆማቸውን ያስተውላል። ምክንያቱ ቃሉ የትም ላይ ስለሚሰበር ነው፤ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ እስካለ ድረስ መስመር በቃል መሐል ቢያልቅ አንባቢ አይሳሳትም። በእርሳስ ለቀማም ይህ ነጻነት ነበር። ሁለት ነጥቡ በባዶ ቦታ ሲተካ ነጻነቱ አብሮ ሄደ፤ ኮምፒውተሩም ቃልን መሐል ላይ አይሰብርም። «እንደሚያስፈልጋቸውና» ያለ ቃል በጠባብ ዓምድ ውስጥ መጨረሻው ላይ ካልገባ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ያሉት ቃላት ይበታተናሉ፤ ገጹ ላይ ነጭ ቦይ የሚፈሰው ከዚህ ነው።

መፍትሔው ብዙ ነው። ዓምዱ በ10 ነጥብ (ፖይንት) ፊደል ከ7 ሴንቲ ሜትር ባይጠብ ጥሩ ነው። ካልሆነ ግራውን ብቻ ማስተካከል፤ ቀኙ ቢሸራረፍ ከተበታተነ ጽሑፍ በእጅጉ ያምራል። በጣም የሳሳ መስመር ላይ ወርድ ውስጥ ኢንሰርት፣ ሲምቦል፣ ስፔሻል ካራክተርስ ብሎ ኖ-ዊድዝ ኦፕሽናል ብሬክ የሚለውን በቃሉ መሐል ማስገባት ይቻላል። የማይታይ ነው፤ መስመሩ እዚያ እንዲሰበር ይፈቅዳል። ግን በመጨረሻው የኅትመት ቅጂ ላይ ብቻ ይግባ፤ ለፍለጋ የሚቀመጠው ፋይል ውስጥ ከገባ ቃሉ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል።

የመስመር ርቀት እዚህና እዚያ ከተዛነፈ፣ ቁጥሩ ወይም አንዲት ነጥብ በሌላ ፎንት ናት ማለት ነው። ሙሉውን በአንድ ፎንት አድርጎ ርቀቱን ኤግዛክትሊ ላይ መወሰን፤ ለ12 ነጥብ ፊደል 18 ነጥብ ጥሩ ይሄዳል። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ሳይጫን ስለሚመጣ ማሽኑ በኤብሪማ ይተካውና ገጾቹ ይንሸራተታሉ፤ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ገብቶ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን መጫን ነው። ለኅትመት ቤት የሚላከው ሁልጊዜ ፒዲኤፍ ይሁን፤ ወርዱ የግድ ከሆነ በሴቭ አማራጩ ውስጥ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ የሚያካትተው ምልክት ይደረግበት።

አቀማመጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም የጣና ዳር እርጥበት ፍሎፒ፣ ሲዲ፣ ስቴንስልና ወረቀት ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ይቀመጥ፤ ሣጥኑ የሚታሸገው ግን በበጋ፣ ዕቃው በደንብ በደረቀበት ቀን ነው። በክረምት የታሸገ ሣጥን እርጥበቱን ውስጡ ይዞ ይቀራል።

አሮጌውን ዊንዶውስ ኤክስፒ ማሽን ከፎንቶቹና ከፕሮግራሞቹ ጋር አቆዩት፤ ኢንተርኔት አይነካው። ለዓመታት ጠፍቶ የቆየ ማሽን ሲከፈት ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ፣ ሰሌዳው ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ አልቃለች፤ ከሰዓት ሱቅ ገዝቶ መቀየር ነው። የተቀየረው የዩኒኮድ ፋይል፣ የድሮው ፋይል፣ ፎንቶቹና ፒዲኤፉ በአንድ ማኅደር ይሁኑ። ማኅደሩ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቢሮው ውጭ። ከውስጡ የትኛው ፎንት የትኛውን ክፍል እንደጻፈ የሚገልጽ አንድ ገጽ ይግባ፤ ምናልባት ቀያሪው የሳተው ፊደል ዘግይቶ ከተገኘ፣ የሚያርመው ሰው ከዚያ ገጽ ነው የሚነሣው።